ናሙናን ጨው ማላስ ክልክል ነው

ለተፈጥሮ ናሙናዎች ማሳያ አዳራሽ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቦንጋ
ጥር ፳፻፬ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ከራስ ቅልዎ እስከ ተረከዝዎ ያለው አጥንትዎ ሁሉ በየመገጣጠሚያው ጸንቶ እንዲቆይልዎ፣ እኔን ከመሰለ ሰው እጅም እንዲሰውርዎ ፈጣሪን እለምናለሁ።

እኔ ኢያሱ ሀብተ ማርያም እባላለሁ። ከሥጋ ቤቶች የበሬና የበግ ራስ እየገዛሁ፣ ቀብሬና ነክሬ አጽድቼ፣ በአመድና በእንዶድ ስቡን አውጥቼ፣ በፀሐይ አንጥቼ ለትምህርት ቤቶችና ለሆቴል ግድግዳ የምሸጥ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጀሁ፣ ግብሬንም በሰዓቱ የምከፍል ነጋዴ ነኝ። የዱር እንስሳ አጥንት እጄ ገብቶ አያውቅም። ጎረቤቶቼ አፍንጫቸውን ይዘው በደጄ ሲያልፉ እንኳ በር ላይ የሰቀልኩትን የንግድ ፈቃድ እያዩ ነው።

ይህን ያህል ሕጋዊ የሆነ ሰው ምን አስጨንቆት ይጽፋል ይሉኝ ይሆናል። አቤቱታዬ አጭር ነው፤ አጥፍቻለሁ ብዬ ብመጣ ጽሕፈት ቤትዎ አላምን አለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ጎረቤቴ እትዬ ፀዳለ ዳለቻ የምትባል በቅሎ ነበረቻቸው። አንድ ክረምት ወደ ደካ በሚወስደው መንገድ መኪናው ሁሉ ጭቃ ውስጥ በቀረበት ሰሞን ምጥ ይዟቸው ሳለ፣ ተሸክማ ሆስፒታል ያደረሰቻቸው እሷ ናት፤ ልጃቸው ማርቲ ዛሬ ሰው ሆና የቆመችው በዚያች በቅሎ ነው። በኋላም በዚያው መንገድ ዳለቻ የግራ የፊት እግሯ ቢሰበር፣ እትዬ ፀዳለ በቀርከሃና በቃጫ አስረው፣ ከእጃቸው እያበሉ አዳኗት። አጥንቱ ግን ጠመም ብሎ ገጠመ።

አርጅታ ስትሞት ሰፈሩ ለጅብ ትጎተት አለ። እሳቸው ግን ወደ እኔ መጥተው፣ ኢያሱ ልጄ፣ አንተ መቅበር ታውቅበታለህ፣ ጅብ እንዳይነካብኝ አሉኝ። በማሳዬ ጥግ ጥልቅ አድርጌ ቀበርኳት፤ እሳቸውም ድንጋይ ደርድረውባት፣ እኔን መርቀው፣ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ ሄዱ። ያላወቁት ነገር ቢኖር፣ መቅበር በእኔ ሙያ የመጀመሪያው ደረጃ መሆኑን ነው። አፈሩ ሥጋውን በልቶ ሲጨርስ ቆፍሬ አወጣኋትና ድንጋዩን እንደነበረ መልሼ ደረደርኩት። ስትቀብራት ይህን አስበህ ነበር ወይ ቢሉኝ፣ አፈሩን የመለስኩባት በአካፋ ሳይሆን አጥንቷ እንዳይሰበር በእጄ ነበር። ጅብ አልነካትም፤ እኔ ነካኋት።

እንግዲህ ቅሬታዬን በአክብሮት በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሙሉ አፅሟን ልሸጥልዎ ስመጣ፣ ባለቤቷ ማወቅ ይኖርባቸዋል ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። እውነቱን ለመናገር የጠየቅኩት፣ አዎ፣ ሄደህ ንገራቸው እንድትሉኝ ነበር። የሥራ ሂደት ባለቤቱ ግን መመሪያቸውን ገለጥ አድርገው፣ የሞተ ከብት ባለቤት የለውም፣ ማስረጃህ ተሟልቷል ብለው በፈገግታ ሸኙኝ። የሕሊናዬን ጥያቄ ያለ ምንም ምልልስ በአንድ መስኮት ስላስተናገዳችሁልኝ፣ ግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተር ቃሉን ጠብቋል፤ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. በቅሎ በናሙናዎች ዝርዝር ውስጥ የለችም ተብሎ ከፊቷ «የፈረስ አፅም» የሚል ሰሌዳ ቆመ። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። ዳለቻ በሕይወቷ እንዲህ ብላ ኮርታ አታውቅም፤ ከሞተች በኋላ ግን ጽሕፈት ቤትዎ አኮራልኝ። አህያው አባቷን ያስታወሰ አልነበረም። እኔም በቅሎ ናት ብዬ አልተከራከርኩም፤ በቅሎ ናት ካልኩ የማን በቅሎ የሚል ጥያቄ እንዳይከተል ፈርቼ።

፫ኛ. አዳራሹ ሲመረቅ እትዬ ፀዳለም ከሰፈሩ እናቶች ጋር ተጋብዘው መጡ። እርስዎ በድምፅ ማጉያ ሥራ ፈጣሪ ስለሆነው ልማታዊ ወጣት ሲናገሩ፣ ልማታዊው ወጣት አጠገብዎ ቆሜ ነበር። እሳቸው የግራውን የፊት እግር አዩ። ጠጋ ብለው የጠመመውን አጥንት በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። አልጮሁም፣ አልተራገሙም፤ ሰው ሲያጨበጭብ አብረው አጨበጨቡ። ከዚያን ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ነፍገውኝ አያውቁም። እንደምን አደርክ ኢያሱ ይሉኛል፤ «ልጄ» የምትለዋ ብቻ ቀርታለች። ምነው ባደባባይ በሰደቡኝ እላለሁ። በምረቃው ዕለት እርስዎ የሸለሙኝን የምስክር ወረቀት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሰቅዬዋለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

፬ኛ. እትዬ ፀዳለ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ወደ አዳራሹ ጎራ ብለው ከዳለቻ አፍ ሥር ቆንጠር አድርገው ጨው ያስቀምጣሉ። በሕይወት ሳለችም ቅዳሜዋ ይኸው ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ይህን እንደሰማ ስብሰባ ተቀምጦ፣ «ናሙናን ጨው ማላስ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ለአንዲት መበለት ብቻ ተብሎ ማስታወቂያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ያለን መሆናችን ያኮራል። ጨው አጥንቱን ያያያዘውን ሽቦ ያዝገዋል ተብሎም፣ በየሳምንቱ ዓርብ እየመጣሁ እንድጠግን ውል ተሰጠኝ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ይልሳል፣ ሞኝ ያለቅሳል እንዲሉ፣ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው፤ የምልሰው እኔ ነኝ።

፭ኛ. በመጨረሻ እንቅልፍ አጥቼ፣ በቅሎዋ ለባለቤቷ ትመለስ፣ የተቀበልኩትን እመልሳለሁ፣ አታልያለሁና ልከሰስ ብዬ ደጅ ጠናሁ። ግንባሯ ላይ በቀይ ቀለም የንብረት ቁጥር ስለተጻፈ የመንግሥት ንብረት ሆናለች ተባልኩ። ፋይልህ ንጹሕ ነው፣ እንዳንተ ንጹሕ ነጋዴ የለንም ተባልኩ። አንዱ ባለሙያዎ ደግሞ በቅንነት፣ የጸጸት ጉዳይ ከሆነ ለነፍስ አባትህ ንገር፣ እዚህ የምናስተናግደው ሕግ ብቻ ነው አሉኝ። ሄድኩ። የነፍስ አባቴ ደግሞ የወሰድከውን መልስና ና ብለው መለሱኝ። ይኸው ከእርሳቸው ወደ እርስዎ፣ ከእርስዎ ወደ እርሳቸው እመላለሳለሁ፤ በመካከል የእትዬ ፀዳለ ቤት ስላለ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ በደሉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በእናንተ ላላክክ አልመጣሁም። የእናንተ ውለታ የሠራሁትን በደል በማኅተም ማሳመራችሁ ነው። ሌባ ብትሉኝ ኖሮ ታስሬ፣ ተገርፌ፣ ወጥቼ እሳቸው እግር ላይ በወደቅኩ። ሕጋዊ ስላላችሁኝ ግን ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ ጠፋኝ። ለዚህ ከፍ ያለ አገልግሎት ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ሰሌዳዎም የሚያነብለት እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር እንደ ድሮው ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ንጹሑ ነጋዴ፣
ኢያሱ ሀብተ ማርያም

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለፈው ዓርብ ለጥገና በመጣሁ ጊዜ የዳለቻን ራስ በከረጢት ይዤ ወጥቻለሁ። አሁን እዚያ አንገት ላይ ያለው ሜዳ ላይ ወድቆ አግኝቼ ቤቴ ያነጣሁት የአህያ ራስ ነው፤ ቁጥሩን በቀይ ቀለም አስመስዬ ጽፌበታለሁ። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ራስዎ ከአዲስ አበባ ለመጡ እንግዶች ፈረስ ነው ብለው አስጎብኝተውታል፤ የተረሳው አባት በዚሁ ተገኘ ማለት ነው። ራሷን እትዬ ፀዳለ ከደረደሩት ድንጋይ ሥር እሳቸውና እኔ አብረን ቀበርናት። ከየት አመጣኸው ብለው አልጠየቁኝም፣ አላመሰገኑኝምም። ጨዋቸውን በትነው፣ አፈሩን በእጃቸው አስተካክለው ሲጨርሱ ቀና አሉና፣ እግሯስ ልጄ አሉኝ። ስለዚህ በስርቆት ሊከሱኝ ከፈለጉ ደስታዬ ነው፤ ለክሱ ግን የጠፋው የፈረስ ሳይሆን የእትዬ ፀዳለ በቅሎ ራስ መሆኑን አስቀድመው በፊርማዎ ማመን ይኖርብዎታል። ካልከሰሱኝም ውሌ አልተሰረዘም፤ የሚቀጥለው ጥገና ዓርብ ነው፣ በግራ የፊት እግር እጀምራለሁ።