የቢተው እህት

ጥቅምት 4
ብርድ። ፍላቂት ከመጣሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ብርዱን ግን አልለመድኩትም። ጤና ጣቢያ ሥራ አልበዛም። አንዲት እናት በሰላም ወለደች፤ ሴት ልጅ። ከሥራ ስመለስ እናቴ ከኮምቦልቻ ደወለች። "ወፍራም ካልሲ አድርጊ" አለችኝ። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ጥቅምት 7
እጄ የፈረስ ላብ ይሸታል። ታጥቤዋለሁ... ደግሞ ማሽተቴን አልተውኩም።

የአከራዬ የእማማ ፋና ልጅ ሞላ በቅርቡ አንዲት ዳማ ባዝራ ፈረስ ገዝቷል። ዛሬ ገመዷን በጥሳ ጓሮ ገባች። ሲቀርባት ትራገጣለች። ጎረቤት ዱላ ይዞ ወጥቶ ይጮኻል። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ... እንዴት እንደሄድኩ እንጃ። ከንፈሬን ሰብስቤ አፏጨሁ። ዝቅ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ስብር የሚል ፉጨት። ባዝራዋ ጆሮዋን አቆመች። ቀስ ብላ መጣች። ግንባሯን ደረቴ ላይ አሳረፈች።

እኔ! የአይሱዙ ሹፌር ልጅ! ፈረስ ነክቼ አላውቅም። ማፏጨትስ መቼ ቻልኩ?

ዞር ስል እማማ ፋና አጥሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

ጥቅምት 8
እማማ ፋና ጠዋት ደጄ መጡ። ሰላምታም የለ።

"ያን ፉጨት ማን አስተማረሽ?"

"ማንም።"

"የቢተው ነው።"

ቢተው ታላቅ ወንድማቸው ነው። በስልሳ ስድስቱ ድርቅ ፈረሱን ሽጦ እህል ሊያመጣ ወልድያ ወረደ... በዚያው ቀረ። አልተሰናበታቸውም። ሲነቁ መደቡ ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየገናው ላሊበላ እየወረዱ ከተሳላሚው መሀል ፊቱን ይፈልጋሉ። ሬሳ አልተገኘምና ለቅሶ አልተቀመጡም። "መሞቱን ሳላውቅ እንዴት አለቅሳለሁ?" አሉኝ።

እኔ የተወለድኩት ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። ለምን ይህን አሰብኩ?

ጥቅምት 15
ጋለብኩ። ሞላ ኮርቻ ጭኖ ደግፎ አወጣኝ። "ልጓሙን ላላ አድርገሽ..." ብሎ ሳይጨርስ አላልቼዋለሁ። ሜዳው ጉም ለብሷል። ከሶምሶማ ወደ ግልቢያ ስንገባ ጉልበቴ ራሱ ጠበቀ፣ ወገቤ ራሱ ላላ። ማንም ሳይነግረው። ከጉሙ ስወጣ ፊቴ በእንባ ርሷል። ደስታ? አይደለም... ናፍቆት ይመስላል። ግን የምን ናፍቆት?

ጥቅምት 19
ሕልም። ሰፊ ሜዳ። ጋማ የጨበጠ እጅ፤ ሻካራ፣ የወንድ እጅ፣ የእኔ እጅ። ከኋላዬ ትንሽ ልጅ ትጣራለች። አልዞርም። ለምንድነው የማልዞረው?

ጥቅምት 20
ለእናቴ በስልክ ነገርኳት፤ ፉጨቱን፣ ሕልሙን፣ የቢተውን ነገር። ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። "ነፍስ እንደ ባጃጅ አንዱን አውርዳ ሌላውን አትጭንም። ኢስቲግፋር አድርጊ፣ አላህን ማረኝ በይ ልጄ።"

አደረግሁ።

እማማ ፋናም የነፍስ አባታቸውን ጠይቀዋል። "ሰው የሚሞተው አንድ ጊዜ ነው" ብለዋቸዋል። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም አይሆንም ይላል። ባዝራዋ ብቻ አልሰማችም...

ጥቅምት 26
እማማ ፋና እኔን "አንተ" ማለት ጀምረዋል። "በላህ?" "በረደህ?" መጀመሪያ ክው አልኩ። አሁን አቤት እላለሁ። የሚያስፈራኝ እሱ ነው፤ አቤት ማለቴ። ሞላ "ሲስተር" ይለኛል። እዚህ ግቢ ቶይባ ብሎ የሚጠራኝ የለም።

ኅዳር 3
እማማ ፋና ታመዋል። ብርዱ ደረታቸውን መታው። መድኃኒት ጀምረዋል፤ ግን እህል አይቀምሱም። ሞላ ጤና ጣቢያው በር ላይ ጠበቀኝ።

"ሲስተር፣ እናቴ ዛሬ ወይም ነገ ስለ ቢተው ትጠይቅሻለች። 'አዎ፣ እኔ ነኝ' በያት። ምን ይጎዳሻል? ደስ ብሏት ትሂድ።"

"ውሸት ከሆነስ?"

"እውነት ከሆነስ?"



ኅዳር 5
ጠየቁኝ። እጄን ይዘው።

"ለምን ሳትሰናበተኝ ሄድክ? ብትቀሰቅሰኝ ምን ነበር?"

አፌ ላይ መልስ መጣ። ወላሂ መጣ። "ስታለቅሺ ባይሽ መሄድ ያቅተኝ ነበር" የሚል። ከየት መጣ? ከሕልሜ? ከእሱ? ወይስ በቦታው የቆመ ማንም ሰው የሚለው ነው?

ዋጥኩት።

"እማማ፣ እኔ ቶይባ ነኝ። ቢተውን አላውቀውም። ባውቀው ግን ደስ ይለኝ ነበር።"

እጄን የሚለቁት መሰለኝ። አልለቀቁትም።

"ቶይባ መሆንሽንማ አውቃለሁ፣ ሆዴ። የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነው።"

ሁለታችንም አለቀስን። ቆይተው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ "እንግዲያ ወንድሜ ሞቷል" አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ሞላም ሰምቶ አያውቅም፤ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጋቢውን ፊቱ ላይ አደረገ።

ከዚያ አጥሚት ጠየቁ።

ኅዳር 21
ዛሬ የቢተው ለቅሶ ሆነ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ። እማማ ፋና ተሽሏቸው በምርኩዝ ወጡ። ሟቹ ፈረሰኛ ሲሆን ፈረሱ ተሸልሞ በለቀስተኛው ፊት ይመራል። የእሱ ፈረስ የለም፤ ዳማዋ ተሸለመች። ሞላ ልጓሟን ሊይዝ ሲል እናቱ ከለከሉት።

"ቶይባ ትምራት።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ከዚያ መንገድ ለቀቁልኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ መራኋት። አስለቃሿ ስሙን እያነሳች ስትጮህ ባዝራዋ አልደነበረችም፤ እስትንፋሷ ማጅራቴን ያሞቀኛል። እኔም አለቀስኩ። ለማን? እንጃ... ለሁላችንም።

ኅዳር 23
እማማ ፋና ዛሬ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሳቁ። ሲስቁ ጥርሳቸው እንደ ልጅ ነው። ይህን ያህል ዘመን ስለ ቢተው ያወሩት መጥፋቱን ብቻ ነበር፤ አሁን ሰውየው ራሱ በወሬያቸው መጣ። ቅናተኛ ነበር። ሽሮ አይወድም ነበር። መጀመሪያ የጋለበው በሬ ነው፤ በሬው ይዞት የሰርግ ዳስ ውስጥ ገባ!

ሞላ ሥራውን ትቶ መጣ። እሱም ሰምቶ አያውቅም።

እኔ ትዝ ይለኝ እንደሆነ ራሴን ፈተንኩ። በሬው... ዳሱ... ምንም። ትንሽ ከፋኝ፤ ከዚያ ቀለለኝ። ነገ ስጋልብ ጉልበቴ ማወቁ አይቀርም። ይወቅ። እኔ ግን የቢተውን ወሬ መስማት አማረኝ፤ የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያምር።

የተቀመጥኩበትን ዱካ ወደ እሳቸው ጎተት አደረግሁ።

"ከዚያስ እማማ? በሬው ዳስ ከገባ በኋላስ?"