ላሞቼን «ሥራ ፈት» ላሏቸው የሀብት አማካሪ

ነገሌ ቦረና፣ ሐምሌ 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ናሆም፣ የፋይናንስና የሀብት አማካሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለተሰጠኝ ምክር ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ነገሌ ያለውን ቢሮዎን ዘግተው ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ ወዲህ አየሩ እንደተስማማዎት፣ የእኛም አቧራ ከጫማዎ ላይ ሙሉ በሙሉ እንደለቀቀልዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩት ጡረተኛ፣ መምህር ወልደሥላሴ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። በዕድሜ ልጄ ቢሆኑም «እርስዎ» እያልኩ የምጽፍልዎ፣ ይህን ያህል ዋጋ ያስከፈለኝን ሰው አንተ ማለት ስለከበደኝ ነው።

መቼም አይረሱትም፤ የተገናኘነው ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ግድግዳ ላይ ባስለጠፉት ወረቀት ነው። ነጻ ሥልጠና ከሻይና ከብስኩት ጋር ይላል። መብራት ሲጠፋ እንኳ ከረባትዎን ሳያላሉ፣ በስልክዎ ባትሪ እያበሩ ስለ ሀብት አያያዝ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስላስተማሩን ዛሬም አደንቅዎታለሁ። በዕድሜዬ ብዙ ግራፍ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥያለሁ፤ መስመሩ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ግን ያየሁት የእርስዎን ብቻ ነው። ያኔ መንቃት ነበረብኝ፣ አልነቃሁም። አይ የኔ ነገር! ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስላስሞሉኝ ቅጽ አመሰግናለሁ። ለቤት፣ ለመኪና፣ ለወርቅና ለአክሲዮን የየራሳቸው ሣጥን ነበራቸው፤ ቦረና ውስጥ በሚሞላ ቅጽ ላይ ላም የሚል ሣጥን ግን አላስፈለገም። ሰባቱ ላሞቼ «ሌላ» በሚለው ውስጥ ተጨናንቀው ገቡ። አሬሮ ሆኖ የሚጠብቅልኝ ወዳጄ ጋልጋሎ ደግሞ ከሃያ ስምንት ዓመት ወዳጅነት በኋላ «ውል የሌለው ሦስተኛ ወገን» ሆኖ ተመዘገበ።

2ኛ. ላሞቹ «ሥራ ፈት ሀብት» መሆናቸውን ስለገለጹልኝ አመሰግናለሁ። እዚህ አገር ዳባሬ የሚባል ነገር አለ፤ ላም ያለው ሰው ለወዳጁ ቤት ላም ይሰጣል፣ ወተቱ ለጠባቂው፣ ጥጃው ለባለቤቱ ይሆናል፣ ወረቀት የሚባል ነገር የለውም። እርስዎ ይህን ሰምተው ፈገግ ካሉ በኋላ ትርፍ የማያስገኝ ነገር መሆኑን አስረዱኝ። የጋልጋሎ ምራት ጠጂቱ በዚያን ሰሞን አራስ ነበረች፤ ቤቱ ሙሉ የሚጠጣው የእኔን ላሞች ወተት ነበር። ይህን ብነግርዎ ኖሮ በየትኛው ሣጥን ያስገቡት እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ።

3ኛ. ይህኛው ትንሽ ረዘም ይላል፣ ይታገሱኝ። በምክርዎ መሠረት በታኅሣሥ 2013 ላሞቼን ላስመልስ አሬሮ ሄድኩ። ሰላምታው እንደ ወጉ ነበር፤ አካም፣ ናጋ፣ የቤቱ ሰላም፣ የከብቱ ሰላም፣ የዝናቡ ሰላም። ከዚያ ላሞቼን ልወስድ መምጣቴን ተናገርኩ። ክቡርነትዎ በሥልጠናው ያላነሱት አንድ ነገር አለ፤ እዚህ አገር በዳባሬ የሰጠውን ላም ከወዳጁ ቤት የሚነቅል ሰው፣ መከራ የወረደበት ሰው ብቻ ነው። ጋልጋሎም ቤቴ ውስጥ በጠና የታመመ ሰው አለ ብሎ ደመደመ፤ እንዳላፍር ብሎ ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም። የሚገባኝ ያን ጊዜ እዚያው መናገር ነበር። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ፣ እሱም የደፋሁት በሐዘን መሰለው። ስንወጣ ከራሱ በረት አንዲት ጊደር አውጥቶ ለመድኃኒት ትሁንህ ብሎ ከሰባቱ ጋር ቀላቀለልኝ፤ ጠጂቱም ልጇን እንዳቀፈች የታመመውን ይማርልህ አለችኝ። እኔም ስምንቱን ነድቼ መጣሁ። ስምንተኛዋን ሳሳይዎ «ያልተጠበቀ ትርፍ» ብለው ስለመዘገቡልኝ በተለይ አመሰግናለሁ።

4ኛ. ላሞቹ የተሸጡበትን ገንዘብ ሊቋቋም ነው በተባለ የሆቴል አክሲዮን ላይ አዋሉልኝ። ሆቴሉ ዛሬም ሊቋቋም ነው። ለእያንዳንዱ ወደዚያ ለነዱት ሰው ድርሻዎ ይሰጥዎት እንደነበር የሰማሁት ቢሮዎ ከተዘጋ በኋላ ነው። የከብት ተራ ደላላ እንኳ የሻጭና የገዢን እጅ በሻርፕ ሸፍኖ ዋጋ ቢያደራድርም ደላላ ነኝ ይላል፣ ከማን እንደሚቀበልም ገበያው ሁሉ ያውቃል።

አምስተኛውን ባለቤቴ ወይዘሮ አሸቱ ልትጽፈው ነበር፤ ለሕዝብ የሚነበብ ስለማይሆን ትቼዋለሁ።

ክቡርነትዎ ግን ብልህ ነዎትና፣ ከዚያ በኋላ ድርቁ መጣ፣ ላሞቹ ቢቀሩም ያልቁ ነበር ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። የጋልጋሎ በረት ባዶ ሆኗል፣ የእኔም ሰባቱ አብረው ባለቁ ነበር። ያን ጊዜ ግን እኔና እሱ አብረን በከሰርን፣ አንድ ላይ ተቀምጠን ባዘንን ነበር። አሁን እሱ ለብቻው፣ እኔም ለብቻዬ ነን፤ እዚህ ላይ ነው የምናደደው፣ አልደብቅዎትም!

ባለፈው ሳምንት ጋልጋሎ የእርዳታ እህል ፍለጋ ነገሌ መጥቶ ነበር። ከስቷል፣ ዱላው ከብዶታል። ቤቴ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ የጠየቀኝ ስለ ራሱ አይደለም፤ ያ የታመመው ሰው ዳነ ወይ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ሲጸልይለት ኖሯል። አሸቱ ፊቷን አዞረች፣ እኔም ሻይህን ጠጣ አልኩት፤ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ስለዚህ የማቀርበው ጥያቄ ስለ ገንዘቡ አይደለም። ክቡርነትዎ አንድ ቀን መድበው ይምጡልኝና አሬሮ አብረን እንውረድ። መጀመሪያ እኔ ቤቴ ማንም እንዳልታመመ፣ እንደዋሸሁት እናገራለሁ፤ ይህ የእኔ ድርሻ ነው። ከዚያ እርስዎ በጋልጋሎና በጠጂቱ ፊት ተቀምጠው ሥራ ፈት ሀብት ማለት ምን እንደሆነ ያስረዷቸዋል። ከረባትዎን ማድረግ ይችላሉ። ካልመጡም ብቻዬን እሄዳለሁ፤ መሄዴ አይቀርም።

ዕድሜና ጤና ከተትረፈረፈ ደንበኛ ጋር እየተመኘሁልዎ፣ በእጅዎ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ሣጥንዎ ውስጥ «ሌላ» ሆኜ የቀረሁት፣

አክባሪዎ
መምህር ወልደሥላሴ

ግልባጭ፦ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ላለው ግድግዳ

ማሳሰቢያ፦ ጋልጋሎ ሊሄድ ሲነሳ እጁን ዘርግቶ የታመመውን ሰው ረጅም ምርቃት መርቆታል፤ ልቡ ይመለስለት፣ ወዳጅ አይጣ፣ ወተት ከቤቱ አይጥፋ ብሎ። በእኛ ቤት የሚገባው ሰው ስላጣሁለት፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ ወደ እርስዎ አዛውሬዋለሁ።