ደሴት ያልሁት ዳህላክን ነው

እንዳላማው፣

ሰው ውሃ ውስጥ በቱቦ እየተነፈሰ ሳለ ቢያስነጥሰው ምን ይሆናል? ዳህላክ ደርሼ ስመለስ እነግርሃለሁ! አውቶቡሱ ሊነሳ ነው፤ ጽሕፈቴ የተንጋደደው በደስታ ነው።

ቁልፉ ከጋኑ ሥር ነው። ሳፋውን እጠበው፤ ጭንቅላቴን ነክሬ የመዋኛ መነጽሬን ስሞክርበት ሰንብቻለሁ።

እትዬ ሥራነሽን አስረዳልኝ። ጠዋት በሶ ቋጥረው መጡና፣ «ደሴት ልትገባ ነው አሉ፤ በጸሎትህ አስበኝ፣ ልጄ» ብለው አለቀሱ።

«ኧረ ዓሣ ለማየት ነው የምሄደው!» ብላቸው፣

«ሊመንኩስ የተነሣ ሰው ደግሞ ምን ዓሣ ያስመኘዋል?» ብለው ተቆጡኝ።

ይኸን ሁሉ ዓመት ባሕር ማዶ ተምሬ፣ ጎጃም ውስጥ ደሴት ማለት ገዳም መሆኑን ረሳሁት! ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ወዲያው ማንጠግቦሽ ትዝ አለችኝና ሳቄ ተቋረጠ።

መልእክቴን ደምበጫ ድረስ ለእሷ ያደረስህልኝ አንተ ነህ። ምነው ያን ጊዜ አላረምኸኝም? ይሁን፣ ተወው። ቅዳሜ ገበያ ስትወርድ ግን እንደማልመነኩስ ንገራት።

የላክሁባት ቃል ይኸው ነበር፦ «ደሴት ልገባ ነው። ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር በይኝ።»

እስካሁን መልስ የለም።