ለአግዳሚው ወንበር የሰጠሁት አደራ

ሃይፋ፣ ሀዳር ሃካርሜል
ነሐሴ 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ የዕረፍት ወራት ልጆች ክትትል ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎ የቀዘቀዘ፣ ልጆች ካሉዎትም ሁሉም በያሉበት የሚያያቸው ሰው ያላቸው እንዲሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ቤቴ ጸጥ ብሏል፤ ስለዚህ ጸጥታ የማመሰግነው እርስዎን ነው።

በአማርኛ በመጻፌና ደብዳቤው ለሰው ሁሉ እንዲነበብ በማድረጌ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እርስዎ ስለ ልጄ የላኩልኝ ደብዳቤ በዕብራይስጥ ነበርና ከጎረቤት ጎረቤት ይዤው ዞርኩ፤ በመጨረሻ ያነበበችልኝ ንግሥቴ የምትባል የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ፣ ከመስመር ወደ መስመር በወረደች ቁጥር ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። እርስዎም የእኔን ይዘው ከቢሮ ቢሮ ቢዞሩ፣ የሚያነብልዎም ሰው ድምፁ እየቀነሰ ቢያነብልዎ፣ ቢያንስ በአንድ ነገር እኩል እንሆናለን።

ጉዳዩን እርስዎ ያውቁታል። ለማያውቁት አንባቢዎች ልድገመው። ማለደ ባየህ እባላለሁ። በወደቡ መጋዘን ካርቶን አነሣለሁ፣ ካርቶን አስቀምጣለሁ። ሰባት ዓመት የሆናት ስንዱ የምትባል ልጅ አለችኝ። አሁን ያለችው በተራራው ላይ በሚገኘው ፕኒሚያ፣ ማለትም በልጆች አዳሪ ቤት ነው፤ ትምህርት ቤት ሳይከፈት የሚሰበሰበው ጉባኤዎም እዚያው ትቅር ወይስ ወደ እኔ ትመለስ ብሎ ይመክራል። እናቷ ባይነሽ ሱዳን ቀርታለች። ጨቅላው ልጃችን ታሞ ሐኪም ቤት ይዛው ገብታ ሳለ የጭነት መኪናው መጣ፤ ስንዱን በእጄ አስይዛ፣ «አንተ ቅደም፤ አደራ፣ ከዓይንህ እንዳትለያት» አለችኝ። በሚቀጥለው መኪና ትመጣለች ተብሎ ነበር። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ።

ከዓይንህ እንዳትለያት። መጋዘን ውስጥ፣ የክሬኑ ድምፅ ጆሮ ሲደፍንም፣ ይህን ቃል እሰማለሁ።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ዕረፍቱ። ልጆች ዓመቱን ሙሉ ደክመዋልና ረጅም ዕረፍት ስለ ተሰጣቸው አመሰግናለሁ። በእኛም አገር ትምህርት ቤት በእነዚሁ ወራት ይዘጋ ነበር። እናንተ በጋ የምትሉት እዚያ ክረምት ነው፤ ወንዙ ይሞላል፣ እርሻው በአረም ይዋጣል፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋውም ልጅ ወደ ወላጁ እንዲመለስና ከጎኑ ሆኖ እንዲያርም ነበር። ስለዚህ ስንዱ የዕረፍቱን ወረቀት ይዛ የመጣች ቀን በየዋህነት ደስ አለኝ፤ በማግሥቱም ይዣት ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። አለቃዬ ከካርቶኖቹ መካከል ቆማ አያትና፣ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለኝ። «ልጄ ናት፤ ዕረፍት ላይ ናት» ስለው፣ «አንተስ?» አለኝ። በትሕትና መልሼ ወሰድኳት።

ሁለተኛ፤ ስለ ካይታናው። ካይታና የሚባለውን የዕረፍት ጊዜ የልጆች ማቆያ ስላዘጋጃችሁልን አመሰግናለሁ። ዘፈን አለው፣ የውሃ ጨዋታ አለው፣ ነጭ ባርኔጣም አለው። ቀትር ሲሆን ያበቃል። በዚህ ከተማ ቀትር ላይ ሥራውን ጨርሶ ልጁን የሚቀበለው ወላጅ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ በወደቡም በፋብሪካዎቹም ጠየቅሁ፤ አላገኘሁትም፤ ምናልባት እርስዎ ያውቁት ይሆናል። ዘመድ የለህም ወይ ተብዬ ነበር። አለኝ እንጂ። እዚህ ስንደርስ የሚያሰፍሩን ሰዎች አጎቴን ወደ በረሃው፣ እህቴን ወደ ላይኛው ድንበር፣ እኔን ወደ ባሕሩ ስለ ላኩን፣ ዛሬ በየትኛውም የአገሪቱ ጫፍ ብሄድ ዘመድ አላጣም። ከቤቴ አጠገብ ብቻ ነው የጠፋብኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ አግዳሚው ወንበር። ካይታናው ከሚገኝበት ግቢ ማዶ የአትክልት ስፍራ አለ፤ በዚያም ጥላ ሥር ከሮማንያ የመጡ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ከቀትር እስኪመሽ የሚቀመጡበት ረጅም አግዳሚ ወንበር። ወንዶቹ ሼሽ ቤሽ የሚባለውን የገበታ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ባለ ነጥብ ጠጠራቸውን ይወረውራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ እንደ ገና ይወረውራሉ። እኔ ባደግሁበት መንደር ሽማግሌ በተቀመጠበት ቦታ ልጅ ጠፋ አይባልም። ሽማግሌ የሚቀመጠው ለማየት ነው። የሚያልፈውን ልጅ የማን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ካጠፋ ይቆጣዋል፣ ከራበው ያበላዋል፤ ወላጅም በሰላም እርሻው ላይ ይውላል። ስለዚህ የስንዱን እጅ ይዤ ሄድኩ። ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። አደራን በዕብራይስጥ ምን እንደሚሉት ስለማላውቅ በአማርኛ «ልጄን አደራ» አልኳቸው።

ጨዋታቸውን አቆሙ። አንዱ ባርኔጣውን አነሣ። ክላራ የምትባለው ባልቴት ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች፤ በቦርሳው ቦታ ስንዱ ተቀመጠች። በእኛ ወግ ይህ ውል ነው፤ እማኝ አያሻውም።

ደብዳቤዎ ይህን «ቸልተኝነት» ይለዋል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ዓይኔን ለእነሱ አበድሬ ወደብ የወረድኩ መስሎኝ ነበር። ስመለስ ልጄ የክላራ መሐረብ በራሷ ላይ ታስሮላት፣ ጉንጯ በወይን ፍሬ ተወጥሮ፣ በሮማንያ ቋንቋ እየቆጠረች አገኛት ነበር። አንድ ጊዜ ባለ ባርኔጣው ሰውዬ ጠጠሩን አጭበርብሮ በእጁ ሲገለብጥ ይዛው በሰው ፊት ጮኸችበት፤ አኮረፋት፤ ቆይቶ ከረሜላ ይዞ መጣና ታረቁ። እንዲህ ያለ ኩርፊያ ከባዕድ ጋር አይገኝም።

አራተኛ፤ ስለ ባልደረባዎ። እሳቸው በዚያ ሲያልፉ ልጄን አይተው ስለ ቆሙ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው አይቆምም። የሆነውን የነገረችኝ ክላራ ናት፣ ሁለታችንም ባለን በተሰባበረው ዕብራይስጥ። ባልደረባዎ ልጄን «ከማን ጋር ነሽ?» ሲሏት፣ ስንዱ በጣቷ ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር አሳየች። ክላራን «የልጅ ልጅዎ ናት?» አሏት። ክላራም «እመቤቴ፣ መነጽርዎ የት አለ?» አለቻቸው። «ታዲያ የማን ናት?» ሲሉ፣ «የእኛ ናት» አለች። «የእኛ ማለት የማን?» አሉ። ባለ ባርኔጣው ሰውዬ ከጨዋታው ቀና ሳይል «የወንበሩ ናት» አለ። ለቀልድ ነበር፤ ሳቁ። ባልደረባዎ ጻፉት። በደብዳቤዎ ላይ «በአግዳሚ ወንበር ላይ ያለ ጠባቂ የተገኘች» የሚለው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ወንበሩ ሞልቶ ነበር እኮ፣ ክቡር ሆይ። ልጄን ለማስቀመጥ ቦርሳ መነሣት ነበረበት።

አምስተኛ።

ከወደቡ ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር። ሁሉም ቆመዋል። እነዚያን ሰዎች ቆመው አይቻቸው አላውቅም። በእኛ ዘንድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቆመው ከጠበቁህ ለመርዶ ነው። ባይነሽ፣ አልኩ በልቤ፤ ከሱዳን ወሬ መጣ። ክላራ እያለቀሰች እጇን ወደ መንገዱ ዘርግታ፣ «ስንዱ፣ በመኪና፣ ወሰዷት» አለችኝ። እኔም፣ ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ እፎይ አልኩ። አንድ ትንፋሽ ያህል። ባይነሽ አልሞተችም ማለት ነው ብዬ። ከዚያ በኋላ ነው የሰማሁት ነገር የገባኝ። ስለዚያች አንዲት ትንፋሽ ማንን ማመስገን እንዳለብኝ አላውቅምና ለጊዜው ለእርስዎ ይዤልዎታለሁ።

ስድስተኛ፤ ስለ ሥራዬ። ልጄን ለማስመለስ ምን ላድርግ ብዬ ቢሮዎ ስመጣ፣ ከቀትር በኋላ ቤት የሚውል ሰው መኖሩን እንዳረጋግጥ በአክብሮት ተነገረኝ። እንግዲያው ሥራዬን ልተው አልኩ። ሥራ የሌለው አባት ልጅ ሊያሳድግ እንደማይችል በዚያው አክብሮት ተነገረኝ። ስለዚህ ክፍልዎ የሚፈልገው ሁልጊዜ ሥራ ላይ የሆነና ሁልጊዜም ቤት ያለ አባት ነው። እንዲህ ያለ አባት አንድ አውቃለሁ፤ የሚኖረው ግን በሰማይ ነው፤ እሱም ቢሆን ልጆቹን አንዳንዴ ያለ ጠባቂ የተወን ይመስለኛል።

ሰባተኛ፤ ስለ መጠየቂያው ቀን። የልጆች መጠየቂያ ቀን ሰንበት፣ ቅዳሜ፣ ነው ሲሉኝ፣ በሰንበት መኪና ላይ መውጣት በአባቶቼ ዘንድ እንደሌለ፣ በእግር እንዳልሄድም መንገዱ በሰንበት ከተፈቀደው ጉዞ እንደሚረዝም አስረዳሁ። ጎንደር ሳለን ሰንበት በመጠበቃችን ጎረቤቶቻችን ይስቁብን ነበር፤ እዚህም በዚሁ ነገር ይሳቅብኛል ብዬ ሳልዘጋጅ መጥቼ ነበርና፣ ጸሐፊዎ ሳቃቸውን ቶሎ ስለ ዋጡልኝ አመሰግናለሁ። ቀኑም ወደ ማክሰኞ ጠዋት ተዛወረልኝ። ማክሰኞ ጠዋት መርከብ ይራገፋል።

ስምንተኛ፤ ስለ ወንበሩ የዛሬ ሁኔታ። አሁንም በዚያ አልፋለሁ። ተቀምጠዋል። እጅ እነሣለሁ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ግን ቶሎ። ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው ልጅ ከዥዋዥዌው ላይ ወድቆ ሲጮህ ቆሜ አየሁ። ከወንበሩ ማንም አልተነሣም። ከክፋት አይደለም። ሁሉም ወደ ሼሽ ቤሹ አጎነበሱ፤ ያየ ይጠየቃልና። ልጁን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ አቧራውን አራግፌለት እጄን ቶሎ አሸሸሁ፤ ዙሪያዬንም ተመለከትኩ። ክላራ ቦርሳዋን ስንዱ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ አድርጋዋለች። አለማየትን በአንድ በጋ ስላስተማራችሁን አመሰግናለሁ፤ እኛ ማየትን ለመማር ዕድሜ ልካችንን ፈጅተን ነበር።

ምስጋናዬ እዚህ ያበቃል። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው።

ልጄ በአዳሪ ቤቱ ደህና ናት። ፀጉሯ ተበጥሯል፣ ልብሷ ነጭ ነው፣ አይብ ትበላለች፣ ዕብራይስጧ ከእኔ አልፏል። ደህና መሆኗን አልክድም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው፤ ደህና የሆነች ልጅ ለምን ትመለስ ይላል ጉባኤው። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ጥፋቴ የዕረፍት ወራት ጥፋት ነበር። ዕረፍቱ ሊያልቅ ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆች ሁሉ ከዕረፍት ይመለሳሉ፤ የእኔዋም ከእነሱ ጋር ትመለስ። ከትምህርት ቤት እስከ ሥራ መውጫዬ ላለው ጊዜ ንግሥቴ ፈረቃዋን ወደ ጠዋት አስቀይራለች፤ ይህንንም በፊርማዋ ለማረጋገጥ ዝግጁ ናት። አንድ ቀን መንገዱ ተከፍቶ ባይነሽ ትመጣለች። ከአውሮፕላኑ ወርዳ መጀመሪያ ፊቴን አታይም፤ ከጎኔ ያለውን ቦታ ነው የምታየው። በዚያን ጊዜ እጄን አንሥቼ ተራራውን ላሳያት?

ለጉባኤዎ አስተዋይ ልብ፣ ለወንበርዎ ጥላ፣ ለእርስዎም የሚጸና ሰላም እየተመኘሁ፣ በትሕትና ዝቅ ብዬ፣ ይህም ማለት እጅ ነሥቼ፣ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ማለደ ባየህ
የስንዱ አባት

ተጨማሪ፦ የአንድ ቀን ሥራዬን ትቼ ባለፈው ማክሰኞ ልጄን ጠይቄያት ነበር። ስለያት ሞግዚቷ የስንዱን እጅ ይዛ እስከ በሩ ሸኘችኝ፤ አውቶቡሱ የሚቆመው እዚያው በሩ ፊት ነው። የአውቶቡሱ መዝጊያ ሲከፈት ስንዱ ከሞግዚቷ እጅ አመለጠችና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ወጣች። ከወገቧ ጎንበስ ብላ ሾፌሩን እጅ ነሣችው። «አባቴን አደራ» አለችው፤ አባቴን በዕብራይስጥ፣ አደራን በአማርኛ። ሾፌሩ አያት፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያም ራሱን ነቀነቀና ከኋላው ያለውን ወንበር በእጁ አሳየኝ። እስከ ሀዳር ድረስ በመስተዋቱ ሲያየኝ መጣ። ስወርድ መንገዱን ተሻግሬ እስክጨርስ ድረስ አውቶቡሱን አላንቀሳቀሰም። ደግ ሰው ነውና የአውቶቡሱን ቁጥር አልጽፍልዎትም።