ሎሚ የቆረጥክበት ሰንጢ

የአብስራ፣

እሑድ ሰንጢዬን ወስደህ ሎሚ ቆረጥክበት፤ ከዚያ ሳታደርቀው አጥፈህ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ መለስከው። ይሄ እንደ ሌላው ቢላዋ አይደለም፣ ቶሎ ይዝጋል ብዬህ ነበር። «ለአንድ ሎሚ ነው እንዲህ የምትሆነው?» አልከኝ።

ትናንት መጋዘኑ ጋ ጭነት ስናወርድ ጆንያዎቹ ተንሸራተቱና የታሰሩበት ገመድ አብሮኝ በሚሠራው በቀናው እጅ ላይ ጠበቀ። «ዘካሪያስ፣ ቁረጠው! ቁረጠው!» እያለ ይጮሃል። ሰንጢውን ባወጣው ማጠፊያው ዝጎ አልከፈት አለኝ። በጥርሴ ሁሉ ሞከርኩ። ሾፌሩ መጥረቢያ ይዞ እስኪደርስ ሁለት ጣቶቹ ተጨፍልቀው ነበር።

ማታ ስታናግረኝ ዝም ያልኩህ ለዚህ ነው።
ብናገር ደግ ነገር አልናገርም ነበር።

ሰንጢው ጠረጴዛው ላይ ነው። ዝገቱን በአመድ እሸው፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ ማጠፊያው ላይ መስኮቱ ጋ ካለው የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርግበት። ውሃ እንዳታስነካው።

እኔ ቀናውን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄጃለሁ። አብረን እንሂድ ልልህ አልጋህ ድረስ መጥቼ
ተውኩት።

ትናንት ቀናው «ሰንጢህ ምን ነካው?» ሲለኝ «አርጅቶ ነው» አልኩት። ዛሬም ከጠየቀኝ ምን እንደምለው እንጃ።

ዘካሪያስ