በቀጥታ ሃምሳ ደቂቃ

ሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን

የኔ ልጅ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ተማሪዎችሽስ አደከሙሽ? እኛ አለን። ከዚህ በላይ ለማሳመር አቅም የለኝም፤ ደክሞኛል።

ሥራዬ ያው ነው። አውሮፕላን ሲመጣ ፍየሎቹን ከሜዳው አባርራለሁ፤ ሊነሳ ሲል ሻንጣውንም ተሳፋሪውንም እመዝናለሁ። አውሮፕላኗ ትንሽ ስለሆነች እዚህ ሰውም እንደ ዕቃ ሚዛን ላይ ይወጣል። ወፍራሙ ነጋዴ ዛሬም ጫማውን አውልቆ፣ ትንፋሹን ውጦ ወጣ። «አየር እኮ አይመዘንም» ስለው ተቆጣኝ።

ባለፈው ሳምንት እናትሽን መዘንኳት። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልንልካት ሻንጣዋን አዘጋጅተን ነበር። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ መርፌው ትንሽ ተነቃነቀና ቆመ። የተበላሸ መስሎኝ እኔም ወጣሁበት፤ ደህና ነው። አይቸኩሌ የምንለው ያ ረጋ ያለው አብራሪ አይቶ ፊቱን አዞረ። እዚያው ሳለን የጤና ጣቢያው ሐኪም ደረሰና «መንገዱ ያደክማታል፣ ቤቷ ይሻላታል» አለን። ሻንጣውን መልሰን ፈታን። እሷ ደስ አላት። እኔ ፍየሎቹን ላባርር ወደ ሜዳው ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ጣጣ ያመጣው አይቸኩሌ ነው። ሊጠይቃት ቤት መጥቶ፣ ከእኛ ሜዳ እስከ እናንተ ሜዳ በቀጥታ ቢበረር ሃምሳ ደቂቃ መሆኑን ነገራት። ላም አለኝ በሰማይ! በዚያ መስመር የሚበር የለ፤ በዋናው ከተማ ዞረሽ፣ አድረሽ፣ ሁለት ቀን ነው። እሷ ግን የሰማችው ሃምሳውን ብቻ ነው። «ገበያ ደርሶ መመለስ እንኳ ከዚያ ይረዝማል! ታዲያ ምን ይዟት ነው?» ትለኛለች። አልጋዬን ወደ ሜዳው መስኮት አዙርልኝ ብላ አዞርኩላት። የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ፀጉሯን በእጇ ታስተካክላለች። አንጀቴን ትበላዋለች።

ዝናቡ ሲያባራ እመጣለሁ ያልሽውን አንብቤላታለሁ። ርዕሰ መምህሩ ፈተና ሳይታረም ፈቃድ የለም እንዳለሽም አውቃለሁ፤ አልፈርድብሽም። ግን ስሚኝ። ይህን ወረቀት ያደረሰልሽ አይቸኩሌ ራሱ ነው። እናንተ ጋ ለቆመችው አውሮፕላን ጎማ ይዞ በዋናው ከተማ ዞሮ ነው የመጣው። ሐሙስ ጠዋት ግን ባዶውን፣ በቀጥታ ወደ እኛ ይመለሳል። አለቆቹን አስፈቅዷል። አንዱ ወንበር ያንቺ ነው።

ሲነሳ በሬድዮ ይነግሩኛል። እናትሽ «ያኔ ሻዩን ጣድ፣ እስክትደርስ ይፈላል» ብላኛለች። ሃምሳ ደቂቃ የሚፈላ ሻይ የት አገር አለ ብዬ ላስቃት ብሞክር፣ «እሳቱን ቀንሰው» አለችኝ። ሳትመጪ ብትቀሪ አውሮፕላኑ ዘገየ እላታለሁ። ሐሙስን እንደዚያ ብዬ አሳልፋታለሁ። ዓርብን ግን እንጃ።

ሰማዩን ይክፈትልሽ፣ ነፋሱን ያብርድልሽ፣ ክፉ አይይሽ።

አባትሽ

ሻንጣ አታብዢ፤ አውሮፕላኗን ታውቂያታለሽ። የመመለሻ ቲኬትም ለጊዜው አትቁረጪ።