ከምድጃ ራቂ ስለተባለችው ጌታነሽ እግር

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ ጤናን ለእኛ ሲያድሉት ስላላየሁ ለራስዎ እንዳስቀሩት አምናለሁ። እኔ ወዳጆ፣ ከመሐል ሜዳ ማዶ በግ አርቢው፣ የጌታነሽ ባል ነኝ። ምስጋናዬን በአደባባይ የማቀርበው ውለታዎ በጓዳ የሚደበቅ ስላልሆነ ነው።

አንደኛ፣ ባለቤቴ እግሯ ላይ መረብ የመሰለ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ምልክት ወጥቶባት ስትመጣ፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ፣ እሷም ቀሚሷን ሳትሰበስብ፣ በሽታዋን ስላወቁላት እናመሰግናለን። «የመንዝ ሴት አይደለሽ፣ የኩበት እሳት ዳር ተጎልተሽ ስትሞቂ ውለሽ ነው፣ ከምድጃ ራቂ» ብለው ሸኟት። እውነት ነው፣ በዚህ ብርድ የእናቶቻችን ቅልጥም ሁሉ በእሳት የተዥጎረጎረ ነው። የጌታነሽ ግን ጭኗንና ክንዷንም ይዞ ነበር፤ ክንዱን ምድጃ ውስጥ ከትቶ የሚሞቅ ሰው ካዩ ይንገሩን።

ሁለተኛ፣ ምርመራዎ ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ስለገባ ምስጋናችን እጥፍ ነው። ጎረቤት «እሜቴ ምድጃ» የሚል ስም አወጣላት። እሷም አፍራ ክረምቱን ሙሉ በባና ተጠቅልላ፣ ከእሳት ርቃ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ከረመች። ምልክቱ በብርዱ ባሰበት። እሳት ያላየ እግር ምን ለበለበው ብላ ተመልሳ ብትጠይቅ፣ ተደብቀሽ ሞቀሽ ይሆናል ተብላ ተመለሰች።

ሦስተኛ፣ ፅንስ በላይ በላዩ ሲጨነግፍባት፣ እግሯን ለአንድ ክፍል ሆዷን ለሌላ ክፍል ስላከፋፈሉልን፣ ሁለቱ የአንድ ሴት መሆናቸውንም ማንም ስላልጠረጠረ፣ እግዜር ይስጥልን።

አራተኛውን የነገሩን ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ነው። ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት በቃሬዛና በመኪና ስናደርሳት፣ ሐኪሟ ቀሚሷን ገልጣ መጀመሪያ ያየችው እግሯን ነበር። ከምርመራው በኋላ፣ የገዛ ሰውነቷ በራሱ ላይ ተነሥቶ ደሟን ያረጋዋል አለችን፤ ልጆቻችንን ያስቀረውም፣ አንጎሏን የመታውም፣ ቆዳዋ ላይ መረቡን የጣለውም ይኸው ነው። በጊዜ ቢታወቅ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ነበረው።

እንግዲህ ሌላዋ ሴት ስትመጣ ስለ ምድጃዋ ከመጠየቅዎ በፊት እግሯን ቢያዩላት፣ ከወንበርዎ መነሣቱ ያን ያህል አይጎዳዎትም።

ዓይንዎን ያብራልዎ ዘንድ በየሰንበቱ የሚያሳስብልዎ፣
የእሜቴ ምድጃ ባል፣ ወዳጆ

ማስታወሻ፦ ጌታነሽ ትእዛዝዎን ማፍረስ ጀምራለች። አሁን ጠዋት ጠዋት ተሸክሜ እሳት ዳር አስቀምጣታለሁ፤ ካላነሣኋት አትነሣም። ከምድጃ ትራቅ የሚለው ቃልዎ ከጸና፣ መጥተው ራስዎ ያንሷት። ሰው ይዘው ይምጡ፤ ግማሽ አካል ይከብዳል።